ሁለት አሟሚና አንድ ቬንትሌተር በጅማ

ሐሙስ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ኅዳር ነው። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ረዳቱ ሻንጣዬን ተቀብሎ ጣሪያ ላይ ወረወረው። ደረቴ ላይ ያቀፍኩትን ትንሽ ቦርሳ ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጥም አልኩት።

"ወርቅ ነው እንዴ እትዬ?" አለኝ።

"ከወርቅ ይበልጣል" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ቦርሳው ውስጥ በፎይል የተጠቀለለች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ብልቃጥ አለች። ብልቃጧ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ቀይ ዱቄት። ዱቄቱ ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር ከሚባሉት ወገን ነው። የፕላስቲክ ዘመድ ሆኖ ሳለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብርሃን ይውጣል፣ መልሶም ያበራል። ከፀሐይ ኃይል ለማመንጨት በስሱ መስታወት ላይ ይቀቡታል። ለመቀባት ግን መጀመሪያ በአንድ ፈሳሽ መሟሟት አለበት፤ ፈሳሹን አሟሚ እንለዋለን። እኔ ለዶክትሬት የያዝኩት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አንዱን ዱቄት በክሎሮፎርም ወይም በክሎሮቤንዚን ብናሟሟው፣ አሟሚው ተንኖ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ስስ ቅብ ቀለሙና የሚያበራው ብርሃን ለምን ይለያያል? አሟሚው እኮ ሄዷል። ግን ቤት ውስጥ ሰንብቶ እንደሄደ እንግዳ፣ ዕቃውን ሁሉ በራሱ ልክ አዘዋውሮ ነው የሚሄደው። ክሎሮፎርም በጥድፊያ ይተናል፤ ሞለኪውሎቹ ሳይደረደሩ ባሉበት ይቀራሉ። ክሎሮቤንዚን ቀስ ይላል፤ ጊዜ አግኝተው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። የተሰለፉት ብርሃኑን የሚውጡት በሌላ መንገድ ነው። ይህን ለተማሪዎች በቃሌ አስተምራለሁ።

ችግሩ ውጤቴ ነበር። በክረምቱ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ የሁለቱ አሟሚዎች ልዩነት እንደ ቀንና ሌሊት ይታይ ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን አንድ ቀን ብቅ ይላል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ሲታደል ያልነበርኩ ሰው ነኝ። ጥፋተኛ ፈለግሁ፣ አገኘሁም። ሶስና ትባላለች፤ አብራኝ የምትማር፣ በአንድ ጠረጴዛ አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። የክሎሮቤንዚኑን ጠርሙስ ሁለታችንም እንጠቀምበት ነበር። "ያልታጠበ መምጠጫ ፒፔት ከትተሽበት ነው ያበላሸሽው" አልኳት፤ ያውም አማካሪያችንና ሌሎች ተማሪዎች ባሉበት። በማግስቱ ዕቃዋን ሰብስባ ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ገባች። ሁለት ወር ሙሉ "እንደምን አደርሽ" ብቻ ሆነን ቀረን።

አማካሪያችን እስከ ወሩ መጨረሻ ውጤቱን ካልደገምኩት ምዕራፉን ከመመረቂያ ጽሑፌ እንዳወጣ ነገረኝ። የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ዱቄቱ ከውጭ በስንት ልመና የመጣ ነው፤ ዘንድሮ ሌላ አይመጣም። የቀረኝ ለሁለት ዙር የምትበቃ ብቻ ናት። የእኛ የብርሃን መለኪያ ማሽን አምፖሉ ተቃጥሎ ቆሟል፤ የጅማው ይሠራል ተባልኩ። ጉዞዬ ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

ከሰበታ በኋላ ሜዳው በሙሉ የደረሰ ጤፍ ነው። አጫጆቹ ጎንበስ እንዳሉ አውቶቡሱን ቀና ብለው ያያሉ። ወሊሶ ላይ ለቁርስ ወረድን፤ እንቁላል ስልስ በትኩስ ዳቦ በላሁ፣ ሻይም ጠጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት በጅማ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ ነበሩ። ጭናቸው ላይ አንድ የታሰረ ጥቅል አለ። እኔ ቦርሳዬን፣ እሳቸው ጥቅላቸውን አቅፈን ተያየንና ሳቅን።

"ምን ሥራ ነሽ?" አሉኝ።

ስለ ዱቄቱ፣ ስለ አሟሚው፣ ስለ ቀለሙ እስከ ወልቂጤ ድረስ አስረዳኋቸው። በጽሞና አዳመጡኝ።

"እና አሁን ይቺን ቀለም ልታደርቂ ነው ጅማ ድረስ?"

"አዎ፣ እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

"ወላሂ ሥራ አለሽ!" አሉና ከፌስታላቸው ሁለት ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ። "ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ አላህ ያድርቅልሽ።"

ጊቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ልብስ አስወለቀን። መስኮት ልከፍት ስል ከኋላዬ ያሉ አንድ አዛውንት "ኧረ ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ይመታናል!" ብለው ጮኹ። ሁሉም ደገፏቸው። እንዲህ ተዘግቶ፣ በላብ ተጠምቀን ድልድዩን ተሻገርን። አበልቲን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ አገሩም አረንጓዴ እየሆነ መጣ። ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ጅማ መነኻሪያ ወረድን። ጨርቅ ነጋዴዋ የራሳቸውን ዕቃ ትተው የእኔን ሻንጣ ከጣሪያ አስወረዱልኝ፤ ከባጃጁም ጋር ተከራከሩልኝ። ስማቸውን ሳልጠይቅ ተለያየን፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር አንዲት ንጹሕ የእንግዳ ማረፊያ ይዤ፣ ብልቃጧን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ።

ዓርብ፣ ላቦራቶሪው

ላቦራቶሪውን የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ሙስጠፋ ናቸው። ከሃምሳ አምስት የማያንሱ፣ ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ ካኪ ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ረጅም ብሎን መፍቻ የማይጠፋቸው ሰው ናቸው። ማሽኑን ስንት ጊዜ እንዳዳኑት የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"እንኳን ደህና መጣሽ ዶክተር!"

"ገና ነኝ እኮ ጋሽ ሙስጠፋ።"

"ኢንሻአላህ ትሆኛለሽ። እኔ ከአሁኑ አፌን ላለማምድ ብዬ ነው።"

የክሎሮቤንዚኑን ጠርሙስ ፊቴ አስቀምጠው ማሸጊያውን እኔው እንድፈታ አደረጉ። ያልተከፈተ፣ ማንም ያልነካው። የዱቄቱን እኩሌታ መዝኜ ለሁለት ከፈልኩ፤ አንዱን በክሎሮፎርም፣ ሌላውን በክሎሮቤንዚን አሟሟሁ። ሁለቱም የብርቱካን ጭማቂ መሰሉ፤ በፈሳሽነታቸው ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ የሚመጣው ሲደርቁ ነው። ጠብታዎቹን በስስ መስታወት ስላይዶች ላይ አነጠፍኩ፣ ቁጥር ጻፍኩባቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን የዓርብ እረፍት ደረሰ። "ሂጂ ምሳሽን ብይ፤ እኔ ጁምዓ እስክሄድ እዚሁ ነኝ" አሉኝ። ከግቢው በር ማዶ ሽሮ በልቼ፣ ሰባት ተኩል ላይ ስመለስ ጋሽ ሙስጠፋ በር ላይ ቆመው ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

"ሁሉም ጥርት ብሎ ደርቆልሻል!"

አመስግኜ ገባሁ። ማሽኑ ውስጥ አንድ በአንድ ከተትናቸው። የክሎሮፎርሙ ግራፍ እንደጠበቅሁት አንድ ጉብታ ሆኖ ወጣ። የክሎሮቤንዚኑ፣ የሞለኪውሎቹን መሰለፍ የሚነግር ሁለተኛ ጉብታ ማሳየት የነበረበት፣ እሱም አንድ ጉብታ ሆኖ ወጣ። ሁለቱን ብደራርባቸው አንዱ የሌላው ጥላ ናቸው። ሁለተኛውን ስላይድ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አየን። ያው ናቸው። የዱቄቴ እኩሌታ እንዲህ ሆኖ አለቀ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የመጣችብኝ የመጀመሪያ ሐሳብ ጥሩ አልነበረችም። ጠርሙሱ የታሸገ ነበር። ሶስና ጅማን ረግጣ አታውቅም። ታዲያ ያኔ ምኑን አበላሸችው? ሐሳቡን ቶሎ ገፋሁት፤ "የጅማ አየር እርጥበት አለው" ምናምን እያልኩ ለራሴ ሰበብ ደረደርኩ። ሰው ጥፋቱን ላለማየት የሚደክመውን ያህል ሥራው ላይ ቢደክም የት በደረሰ!

ጋሽ ሙስጠፋ ሻይ አስመጥተው ፊቴ አስቀመጡ። "የቀረውን ዱቄት ዛሬ እንዳትነኪው" አሉኝ። "ነገ ቅዳሜ ነው፤ እኔ አጋሮ ታላቅ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። የቡና ማድረቂያ ላይ ኃላፊ ናት። ነይ አብረን እንሂድ፤ ይሄን ግድግዳ ስታዪ ብትውዪ ምን ይነግርሻል?"

ልሂድ አልሂድ ብዬ አንገራገርኩ። ደግነቱ ሰበብ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ አጋሮና ከአጋሮ ወዲያ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጅማ መነኻሪያ በሚኒባስ ተነሳን። ይቡን ካለፍን በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ሆነውለታል። ለቀማ ላይ ስለሆኑ በየመንገዱ ዳር ማዳበሪያ ሙሉ ቀይ እሸት ቡና ቆሟል። አጋሮ ገብተን በማር የታሸ ትኩስ ጨጨብሳ በላን። ሒሳቡን ልከፍል ስል ጋሽ ሙስጠፋ ተቆጡኝ፤ "አጋሮ ላይ? እንግዳ ሆነሽ? ሰው ምን ይለኛል?" ከዚያ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል የኮረኮንች መንገድ ተጓዝን። ማድረቂያው ገና ሳይታይ የተፈለፈለው ቡና ገለፈት ኮምጠጥ ያለ ሽታ ተቀበለን።

ቦታው የአካባቢው ገበሬዎች የጋራ ነው። ወንዙ ዳር መፈልፈያው አለ፤ ከሱ በላይ ዳገቱን ተከትሎ በሽቦ መረብ የተሠሩ ረጃጅም አልጋዎች ተደርድረዋል። የታጠበው ቡና ስስ ቅርፊቱን እንደለበሰ አልጋዎቹ ላይ ተዘርግቷል። ሴቶች በግራና በቀኝ ቆመው እየለቀሙና እያገላበጡ ያወራሉ። የጋሽ ሙስጠፋ እህት አዴ ዘይነባ ረጅም ሴት ናቸው፤ እንደ ወንድማቸው ሳቂታ አይደሉም።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ?" አሉኝ። እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ደህና ነኝ፣ እርስዎስ አዴ ዘይነባ?"

"አልሐምዱሊላህ። በሉ ውጡ ከፀሐይ፤ ልንሸፍን ነው።"

ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ፀሐዩ ቡና ለማድረቅ ይሄ ነው የሚባል ፀሐይ ነበር። ሴቶቹ ግን ከዳር ከዳር ይዘው አልጋዎቹን በሸራ ማልበስ ጀመሩ።

"አዴ ዘይነባ፣ እንዲህ ዓይነት ፀሐይ ወጥቶ ለምን ይሸፈናል?" አልኩ። እኔ ብሆን ኖሮ ሁሉንም ገልጬ በሦስት ቀን እጨርሰው ነበር።

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ አንድ የተለየ አልጋ ወሰዱኝ። ከዚያ አንድ እፍኝ፣ ከጎኑ ካለው ደግሞ ሌላ እፍኝ ዘግነው በሁለት መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። የቀኙ ቅርፊቱ ድፍን፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። የግራው ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ ፍሬው ብቅ ብሏል።

"አንድ ቡና ነው" አሉ። "አንድ ቀን የተለቀመ፣ በአንድ ውሃ የታጠበ። ይሄ የተሰነጠቀው ሁለት ቀትር ሳይሸፈን ዋለ። እኔ ለቅሶ ሄጄ ነበር፤ ልጆቹ ቶሎ እንዲደርስልኝ ብለው ደስ ሊያሰኙኝ ነው። ላዩ ቸኮለ፣ ሆዱ ቀረ። አሁን አይተሽ ደርቋል ትያለሽ። ጎተራ ሲገባ ነው የምታውቂው። ሱታ፣ ሱታ ነው ይሄ ሥራ።" ሱታ ማለት ቀስ ማለት ነው።

መዳፎቼን እያየሁ ቆምኩ። አንድ ዱቄት፣ አንድ አሟሚ። የሚለየው አደራረቁ።

"ንፋስስ?" አልኳቸው። "ፀሐይ ሳይኖር ንፋስ ብቻ ቢመጣ?"

"ንፋስማ ይብሳል። ፀሐይ ሲመታሽ ያምሻል፣ ጥላ ትፈልጊያለሽ። ንፋስ ግን ደስ እያለሽ ነው የሚያደርቅሽ።"

ጋሽ ሙስጠፋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከሴቶቹ ጋር በኦሮምኛ ሲቀልዱ ነበር። በድንገት ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

"ሰናይት" አሉ። ዶክተር አላሉኝም። "እኔ ነኝ።"

"ምኑን ጋሽ ሙስጠፋ?"

"ትናንት ቬንትሌተር ከፍቼበት ነበር። ያን ስላይድሽን። ጁምዓ ሄጄ እስክመለስ እርጥብ ሆኖ እንዳይጠብቅሽ ብዬ፣ ፊት ለፊቱ አስቀምጬ ከፈትኩት። ስትመጪ ዝግጁ ሆኖ እንድታገኚው ነበር። እኔ ነኝ ያጠፋሁብሽ።"

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። የዱቄቴ እኩሌታ! "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ብዬ ጮህኩባቸው፤ ሴቶቹ ቀና ብለው አዩኝ።

"አልጠየቅሽኝም" አሉ ቀስ ብለው። "ደግሞ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የሚነገርም አልመሰለኝ።"

እኚህ ሰው ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እኔ እርጥበቱን እየረገምኩ፣ የቀረውን ዱቄት በዚያው መንገድ ጨርሼ፣ ባዶ ብልቃጥ ይዤ አዲስ አበባ እገባ ነበር። በእህታቸው ፊት፣ በሠራተኞቹ ፊት፣ ኮፍያቸውን አውልቀው "እኔ ነኝ" አሉ። ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ አመሰገንኳቸው። የተቆራረጠ ምስጋና ነበር።

ከዚያ ማስታወሻ ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግቼ ከሐምሌ ጀምሮ ገለጥኩት። ቀኑ አለ፣ የዱቄቱ ክብደት አለ፣ የአሟሚው ስም አለ፣ የክፍሉ ሙቀት እንኳ አለ። ቅቡ የት ሆኖ፣ በምን አየር እንደደረቀ የምትል አንዲት መስመር የለችም። ያማሩት ውጤቶች ሁሉ የክረምት ናቸው፤ ብርድና ዝናብ ስለነበር መስኮታችን ጥርቅም ብሎ የተዘጋበት ወቅት። ከመስከረም ወዲህ ግን ያ ከጠረጴዛችን በላይ ያለው መስኮት ስንቴ ክፍት ሆኖ እንደዋለ ትዝ አለኝ። ጠርሙሱ አልነበረም። ሶስና አልነበረችም።

ስልኬን አውጥቼ ስሟ ላይ ደረስኩ። ከዚያ "መጀመሪያ በሙከራ ላረጋግጥ" ብዬ መልሼ ከተትኩት። ስከሳት ማረጋገጫ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታ ልጠይቃት ስል ማረጋገጫ አማረኝ። አፍሬ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አዴ ዘይነባ ሲሸኙን ከተሸፈነው አልጋ የወጣ፣ ደርቆ ያለቀ ሁለት ኪሎ ቡና በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። "ለምታከብሪው ሰው ስጪው" አሉኝ።

እሁድ፣ ጅሬን

የጋሽ ሙስጠፋ ቤት ጅሬን ኮረብታው ላይ ነው። ባለቤታቸው ምሳ ጠርተውኝ ወጣሁ። ከግቢያቸው ጅማ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ቆርቆሮው፣ ዛፉ፣ የመስጊዱ ሚናራና የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በአንድ ላይ። ጋሽ ሙስጠፋ ምሳውን በቅጡ አልበሉም። ወረቀት ላይ የሰኞውን ሥራ ሲስሉ ዋሉ፦ የትኛው ስላይድ የት ይቀመጣል፣ ምን ይሸፍነዋል፣ በሩን ማን ይጠብቃል።

"ቬንትሌተሩንስ?" አልኳቸው እየሳቅሁ።

"እሱንማ ለዘበኛው ሰጥቼዋለሁ!" አሉ።

እኔ ግን እንዲመልሱት ለመንኳቸው። ያለ እሱ ሙከራው ግማሽ ነው።

ሰኞ፣ የመጨረሻው ዱቄት

ብልቃጧን ገልብጬ በጣቴ መታ መታ አደረግኋት፤ የቀረችው ሁሉ ወጣች። ከዓርቡ ጠርሙስ፣ ከዓርቡ አሟሚ፣ በዓርቡ መጠን አሟሟሁ። ስምንት ስላይድ አዘጋጀን፤ ከየአሟሚው አራት አራት። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለቱን በሌላ ክፍል ቬንትሌተር ፊት አደረግን። የቀሩትን እያንዳንዳቸውን በመስታወት ሳህን ከደንን፤ እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ እንዳያመልጥ። ከዚያ በሩን ዘግተን ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። አንድ መምህር ሊገባ መጥቶ ጋሽ ሙስጠፋ እጃቸውን ዘርግተው "ንፋስ ታስገባለህ፣ በኋላ ና" ብለው መለሱት።

በቬንትሌተሩ ፊት የነበሩት ወዲያው ደረቁ። የተከደነው ክሎሮቤንዚን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አስጠበቀን። ጋሽ ሙስጠፋ ሰላታቸውን ሰግደው ሲመለሱ ሳህኑን አነሳሁት።

ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ በዓይን ይታይ ነበር። የክሎሮፎርሙ የጡብ ቀለም ይዟል፤ የተከደነው ክሎሮቤንዚን ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ጠለቅ ያለ ቀለም ነበር። ስላይዱን ማሽኑ ውስጥ ከተትነው። ከዋናው ጉብታ ጎን ሁለተኛው ጉብታ ቁልጭ ብሎ ተነሳ። በሁለተኛው ስላይድም እዚያው ቦታ ላይ ወጣ። የሚያበራውን ብርሃን ስንለካም ወደ ቀዩ ወገን ሸሽቶ አገኘነው። ከዚያው ብልቃጥ፣ በዚያው አሟሚ ሟሙተው በቬንትሌተር የደረቁት ግን ጉብታቸው ጠፍቷል፤ ክሎሮፎርሙን መስለዋል።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ጋሽ ሙስጠፋ። እኔ ተነስቼ አቀፍኳቸው፤ ብሎን መፍቻቸው ጎኔን ወጋኝ። "ዶክተር ሰናይት!" አሉኝ ደግሞ። በዚህኛው ጊዜ ገና ነኝ አላልኩም።

ምዕራፌ ተረፈ። ግን ግራፉን ባየሁት ቁጥር ይበልጥ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ሌላ ነገር ነበር። ያ ሁለተኛ ጉብታ ባማረ ቁጥር የሶስና ንጽሕና ያምራል፤ የእኔ ክስም ያስጠላል። እኔን ያዳነው ወረቀት የእኔው ፍርድ ወረቀት ነው።

"በጽሑፍሽ ውስጥ ስሜን ታነሺዋለሽ?" አሉኝ ጋሽ ሙስጠፋ ዕቃ ስንሰበስብ።

"እንዴታ! ከሁሉም በፊት።"

"እንግዲያው ከቬንትሌተሩ ጋር አያይዘሽ እንዳይሆን።"

ማክሰኞና ረቡዕ፣ መልስ

ጋሽ ሙስጠፋ ገና ሳይነጋ መነኻሪያ ድረስ መጥተው ሸኙኝ፤ ከመርካቶ የገዙልኝን አንድ ኪሎ ማር በእጄ አስያዙኝ። "ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ" አሉኝ። አውቶቡሱ ጊቤን እስኪሻገር ድረስ ያሰብኩት ስለ እሳቸው ነበር። ስለ አሟሚ የማውቀውን ሁሉ ይዤ ነው ጅማ የሄድኩት፤ ያላወቅሁት ሰው ሲያጠፋ እንዴት አድርጎ "እኔ ነኝ" እንደሚል ነበር። እሳቸው ባወቁበት ቅጽበት ተናገሩ። እኔ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ያም ሆኖ ገና አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ አደርኩ፤ ረቡዕ ጠዋት በቀጥታ ኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ክፍል ሄድኩ። ሶስና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ነበረች። ሰው መኖሩ ደግ ሆነ፤ የከሰስኳትም በሰው ፊት ነው። የአዴ ዘይነባን ቡና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ግራፉን አሳየኋት። ልታየኝ ባትፈልግም ግራፍ ግን አይታ ማለፍ አትችልም።

"ሁለተኛው ወጣ እንዴ?" አለች። "ተደገመ?"

"ተደገመ። እነዚህ የተከደኑት ናቸው። እነዚህ ደግሞ ንፋስ ያደረቃቸው፤ አሟሚው አንድ ነው፣ ጠርሙሱም አንድ ነው።" ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋሁት። "ጠርሙሱን አላበላሸሽም ሶስዬ። መስኮቱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ክፍት የነበረው መስኮት ነው። ያለ ጥፋትሽ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

በጣቷ የሁለተኛውን ጉብታ መስመር ተከተለች።

"መስኮቱን የምከፍተው እኔ ነበርኩ" አለች በመጨረሻ። "የአሟሚው ሽታ ያስልሽ ነበር። አንቺ ስትሠሪ ምንም አትሰሚም፤ ሳልሽን እንኳ አትሰሚውም። እሱን እየሰማሁ ነው የምከፍትልሽ፤ ክፍሉን ስለቅም እንደተከፈተ ተውኩልሽ።"

ከጎኗ ያለውን ወንበር ሳበችልኝና "ቁጭ በይ" አለችኝ። "በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳዪኝ።"